ለሌላው መቆም፦ የየራስን መንገድ ስለማግኘት

አዘጋጆቹ ደውለው «ለሌሎች ጥብቅና ስለመቆም ንገረን» ሲሉኝ ቁጥር የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሆስፒታል ውስጥ፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ነው። መድኃኒት መግዣ ያጣ፣ ከገጠር መጥቶ ማደሪያ የቸገረው፣ ሐኪሙ የነገረው ያልገባው ሰው ሁሉ የሚላክባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ይህንኑ ስነግራቸው «እኛም የፈለግነው እሱን ነው» አሉኝ። እንግዲህ ንግግሬ ከከሸፈ ጥፋቱን አብረን እንካፈላለን።

የዛሬው ዓላማዬ አንድ ሐሳብ ማስረዳት ነው። ለሌላ ሰው መቆሚያው መንገድ ከሌላ የሚቀዳ አይደለም፤ እያንዳንዳችን ማንም ሳያዘን በምናደርገው ነገር ውስጥ ተቀምጧል። ያ መንገድ ደግ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ግን ባለመንገዱ ሳይሆን የተቆመለት ሰው ነው። በመጀመሪያ ጥብቅና ሲባል ለምን ሁላችንም ተናጋሪ ሰው እንደሚታየን አነሣለሁ። ቀጥዬ በአገራችን በሥራቸው የታወቁ ጥቂት ሰዎችን ጠርቼ መንገዳቸውን ከየት እንዳገኙት እንመለከታለን። በመጨረሻ የማዘግምበት ጉዳይ አለኝ፤ የቆምንለት ሰው እኛ የምንፈልገውን ሳይፈልግ ሲቀር ምን እናደርጋለን የሚለው ነው።

ከድሮው ልጀምር። በላ ልበልሃ የሚባለውን የአደባባይ ሙግት ያላያችሁ ወጣቶች ብትኖሩም ወሬውን ሰምታችኋል። ዳኛው ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አጣፍተው ይቆማሉ፤ ዘንግ እያወናጨፉ፣ ድምፅ እያነሡና እየጣሉ፣ ነገሩን በምሳሌ እያዋዙ ይሟገታሉ። በማር ይወራረዳሉ፣ በበቅሎ ይወራረዳሉ። መንገደኛው ሸክሙን አውርዶ ያዳምጣል፤ ማን ረታ ብቻ ሳይሆን ማን አሳምሮ ተናገረ እያለ እስከ ማታ ያወራል። ትልቅ ጥበብ ነበር፤ አሁን አሁን ሳስበው የሕዝብ ቲያትርም፣ የሕግ ትምህርት ቤትም ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን በዚያ ችሎት ማን ይሸነፍ እንደነበር አስቡ። አንደበቱ የሚተሳሰር ሰው ይሸነፋል። የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ ይሸነፋል። በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ እንዳታደርግ ተነግሯት ያደገች ባልቴት እውነቷን ይዛ ትሸነፋለች። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች መቆም ማለት ነገር አዋቂ ፈልጎ በእነሱ ፋንታ ማስጮህ ሆነ። ውርሱ እስከ ዛሬ አብሮን አለ። «እኔ መናገር አልችልበትም» ብሎ ከዕድሩም፣ ከወላጆች ስብሰባም፣ ከወረዳው ቢሮም ወደ ኋላ የሚቀረው ሰው ብዛቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። አንደበት ከሌለኝ ለማን እቆማለሁ ይላል።

እዚያው ችሎት አጠገብ ግን ብዙም የማይናገሩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ዋሱ አንዱ ነው። ዋስ ክርክር አይገጥምም፤ «እሱ ቢጠፋ እኔ አለሁ» ብሎ ንብረቱን ያስይዛል፣ ይቀመጣል። ሽማግሌው ሌላው ነው። ሽማግሌ ኃይሉ በመመላለስ ነው፤ ዛሬ ተቀምጦ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል፣ ነገም ይመጣል፣ አኩራፊው ሰው ማኩረፍ ሲሰለቸው እንኳ እሱ አይሰለቸውም። ደግሞ ራፖር ጸሐፊው አለ። ድሮ በታይፕ፣ ዛሬ በኮምፒውተር፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ የአንዲትን እናት የግማሽ ቀን እሮሮ ዳኛ በሚያነበው አንድ ገጽ ላይ ያሰፍረዋል። ስሙን የሚያነሣለት የለም። እንዲያውም በአንድ ገጽ ይህን ያህል አስከፈለ ተብሎ ይታማል። እኔ ግን በሆስፒታሉ ሥራዬ ከራፖር ጸሐፊዎች የተማርኩት ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል። ከለቅሶው ውስጥ ቀኑን፣ ቦታውንና የሚጠየቀውን ነገር ነጥሎ ማውጣት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር።

እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲመሠረት ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ከዚያ በፊት ዳኛ ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም በባለሙያነት ሠርተዋል። እንግዲህ የእሳቸው መንገድ ሕግ መሆኑ አያስደንቅም። ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ከባድ ጉዳይ መጣለት። አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ከቅጣት ይድን ዘንድ በር የሚከፍት ነበር። ሟቹ ባህሉን የፈጸመ፣ ልጅቷ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ተደርጋ በምትታይበት አገር ማኅበሩ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ተከራከረላት፤ ሁለት ዓመት ያህል ከፈጀ በኋላ ነፃ ወጣች። ማኅበሩ በዚያ አላቆመም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ፤ ከዚያ የተከተለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን ለጠላፊ የተከፈተ በር ዘጋው። በእነዚህ ለውጦች ማኅበሩ ብዙ ደክሟል። የሕግ መንገድ እንግዲህ አንድን ሰው ነፃ ሲያወጣ ከኋላ ለሚመጡትም መንገድ ይጠርጋል። ዋጋም ያስከፍላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ማኅበሩ ራሱ በመንግሥት ታግዶ ለጥቂት ጊዜ ሥራው ቆሞ ነበር።

ወደ ከምባታ እንሂድ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ኢየሩሳሌምና አሜሪካ ሳይንስ ተምረው፣ እህታቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1997 ኬ.ኤም.ጂ. የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። የሴት ልጅ ግርዛትን ሊያስቀሩ ነው የመጡት፤ ራሳቸውም በልጅነታቸው ያለፉበት ነው። ይህን ያህል የተማረ ሰው ምን ያደርጋል ብላችሁ ትገምታላችሁ? ያስተምራል፣ ያወግዛል። የአካባቢው ሰው ግን የቸገረው ሌላ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ አልነበረም። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውም፣ ወጣቱም፣ ገራዧም፣ እናቲቱም አንድ ላይ እየተቀመጡ የሚነጋገሩበት ውይይት ተጀመረ፤ አንድ ቀን ሁለት ቀን ሳይሆን በየጊዜው እየተገናኙ፣ ለዓመታት። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስታገባ፣ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ በደረቷ አንጠልጥላ ነበር፤ ሙሽራውም እንዲህ ያለችውን በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አንጠልጥሏል። አስቡት፣ ይህን የተናገሩት ቦጋለች አይደሉም። የእሳቸው ጥበብ ሌላው እስኪናገር ድረስ ወንበር ዘርግቶ መጠበቅ ነበር።

ሦስተኛዋን በአጭሩ ልጥቀስ፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁና። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለግሸን ማርያም በዓል ወሎ ሄደው ረሃብ የጣለውን ሕዝብ አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል አደሉ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባል «ወይ እኔ ወይ ልጆቹ» ሲል ከልጆቹ ጋር ወጡ። ማመልከቻ አልጻፉም፣ ንግግር አላደረጉም፤ ድርጅታቸው ሕጋዊ ፈቃድ ያገኘውም ከዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ልጁን አነሡ። ይህን ጥብቅና አትበሉት የሚል ይኖራል፤ በጎ አድራጎት ነው ይላል። እኔ አልስማማም። አንዲት ሴት ከጎጆዋ ወጥታ ከወላጅ አልባ ልጆች ጋር ስትኖር ያየ ጎረቤት፣ ያየ ባለሥልጣን፣ ልጆቹ የሌሉ ይመስል አልፎ መሄድ ይቸግረዋል።

እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ያመጣኋቸው እንድታደንቋቸው አይደለም፤ የእኔ አድናቆት አያስፈልጋቸውም። የፈለግሁት ይህን ነው። ዳኛዋ በሕግ ሄዱ፤ የምርምር ሰው የሆኑት ችግሩን ከባለቤቶቹ አፍ ሰምተው ጀመሩ፤ ተሳላሚዋ እናት አንሥተው ወሰዱ። አንዳቸውም የሌላቸውን ጠባይ አልተዋሱም። አበበችን ፍርድ ቤት አቁመን ይከራከሩ ብንላቸው፣ መዓዛን ሃያ አንድ ልጅ ያሳድጉ ብንላቸው ምናልባት ሁለቱም ይሞክሩት ነበር፤ ግን ጉልበታቸው ግማሹ ራስን በማስገደድ ያልቅ ነበር።

«የእኔስ የቱ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚን ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። በሽተኛው መርፌ ሳይወጋ ሰዓቱ አልፏል እንበል። አንዱ አስታማሚ ወዲያው ተነሥቶ ነርሷ ጋ ሄዶ ይናገራል። ሌላው ዝም ብሎ ከኪሱ ደብተር ያወጣና ሰዓቱን ይጽፋል፤ ማታ ሐኪሙ ሲመጣ ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን በተራ ያነብለታል። ሦስተኛዋ ለነርሷ ሻይ ይዛ ትሄድና «እህቴ፣ ዛሬ ስንት በሽተኛ ነው የያዝሽው?» ትላታለች። አራተኛው በዚያው ክፍል ያሉትን አስታማሚዎች ሁሉ ሰብስቦ አንድ ላይ ያስጠይቃል። ማንኛቸውንም ማንም አላስተማራቸውም። በንዴታችሁ ወይም በድንጋጤያችሁ የመጀመሪያ ደቂቃ እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ፤ ወደ ስልክ ነው፣ ወደ ብዕር ነው፣ ወደ ምግብ ነው፣ ወይስ ወደ ሰው? መንገዳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ሙያችሁም ይጨመርበታል። የሒሳብ ሠራተኛ ደረሰኝ ያያል፤ መምህር ያስረዳል፤ ሾፌር የትኛው ቢሮ በየትኛው ሰዓት ሰው እንደሚገኝበት ያውቃል፣ ይህም ትንሽ እውቀት እንዳይመስላችሁ።

ይሁንና እዚህ ላይ ብናቆም ነገሩ ራስን ማሞገስ ይሆናል። ጠባይ መነሻ ነው፤ ብቻውን ከተተወ ግን ይበላሻል። መጮህ የሚወድ ሰው ለሁሉም ጉዳይ ይጮኻል። አንድ ጎልማሳ አጎቱን አስተኝቶ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ ሲሳደብ፣ ተሰላፊው ሁሉ አበጀህ ሲለው አይቻለሁ። ልክ ነበር፤ ካርዱ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ጎልማሳው ወደ ሥራው ሄደ። አጎቱ ግን እዚያው ቀረ፤ በተሰደቡት ሰዎች እጅ። ልማደኛው ለስላሳ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሁሉን በሽምግልና ለመጨረስ ሲል ክስ የሚገባውን ወንጀል «ይቅር ተባባሉ» ብሎ የሚሸፍን ብዙ አለ። በተለይ በጠለፋና በቤት ውስጥ ድብደባ ጉዳይ የሽማግሌ ምንጣፍ ስንት ነገር እንደሸፈነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ታዲያ የሚያርመን ማነው? ወደ ሦስተኛው ክፍል የገባነው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ረሃቡ ሲበረታ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ቦታው ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው አምጥተው ግቢ ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። መንግሥት የደበቀውን ገልጦ ማሳየት ነበር፤ ድፍረት ይጠይቃል። በተከታዩ ጥቅምት የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ገንዘብና እህል ጎረፈ። ይህ የምስክርነት መንገድ ነው፤ ያልታየውን ማሳየት። ግን ያው ፊልም በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀጣጥሎ በራሳችን ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የፖለቲካውን ፍርድ ለታሪክ ሰዎች እተዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ምስሉ ላይ ያለችው እናት ናት። በመጀመሪያ ለእህል ተለመነባት፤ ቀጥሎ መንግሥት ወረደባት። ምስክር የሚሆን ሰው ከእጁ የወጣው ምስል ወዴት እንደሚሄድ ማዘዝ አይችልም፤ ስለዚህ ከማንሣቱ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ የእሱ ፋንታ ነው።

ወደ አርሲዋ ልጅ ልመለስ። ታሪኳ «ድፍረት» የሚል ፊልም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት የፍርድ ቤት እግድ መጣ። ያሳገደችው ማን ነበረች? ራሷ ባለታሪኳ፤ ፈቃዴን ማንም አልጠየቀኝም ብላ። በኋላ ጉዳዩ በስምምነት ተፈትቶ ፊልሙ ታይቷል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ለሷ ብለው ሠርተው፣ እሷ ታግዳለች?» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ይቅር በሉኝና በጣም ደስ አለኝ። በ14 ዓመቷ ፍርድ ቤት ቀርባ ሌሎች የተከራከሩላት ልጅ፣ አድጋ በራሷ ስም ፍርድ ቤት ቀርባ ከሳሽ ሆነች። የቀድሞ ጠበቆቿ ሥራ ፍሬ ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል?

እውነተኛው መለኪያ ለእኔ እዚህ ነው። የቆምኩለት ሰው ከእኔ ጋር ከቆየ በኋላ የሚናገረው በዝቷል ወይስ አንሷል? ኤች.አይ.ቪ. ስሙ በሹክሹክታ ብቻ በሚጠራበት ዘመን ለሕሙማኑ የሚናገሩ ሐኪሞችና የሃይማኖት አባቶች ነበሩ። ነገሩ የተለወጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው «ተስፋ ጎህ» የሚል ማኅበር መሥርተው ፊታቸውን ሲያሳዩ ነው። የትነበርሽ ንጉሤ ደግሞ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና፣ ሻሸመኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ተምራ፣ የሕግ ባለሙያ ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስትቀበል፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የምትናገረው ከውጭ ቆማ አልነበረም። ቤይሩት ውስጥም ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 «እኛ ለእኛ በስደት» ብለው ተሰባሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቹን ሻንጣቸውን አሲዘው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ ለእነሱ ማደሪያና ምግብ ከፈለጉት ውስጥ እነዚሁ እህቶቻቸው ነበሩ። ከውጭ የሚመጣው ረዳት በእንዲህ ያለው ቦታ ሥራው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ ማምጣት፣ ሕጉን መተርጎም፣ በሩን ማስከፈት፣ ከዚያ ማይክሮፎኑን መልሶ መስጠት። ተናጋሪ ለሆነ ሰው የመጨረሻው ከሁሉ ይከብደዋል።

አስቸጋሪውን ጉዳይ አስቀርቼው ነበር። በሆስፒታሉ ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ወጣት ክፍሌ መጣች። እግሯ ተሰብሮ በደንብ ሳይጠገን ነው የመጣችው፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ነበር። ታሪኩን ስትነግረን የክፍሉ ሠራተኞች ሁላችን ተነሣን። አንዷ ባልደረባችን ጋዜጠኛ ታውቃለች፤ አንዱ የሕግ ሰው ያውቃል፤ አሠሪዋም፣ ደላላውም ፍርድ ቤት ሊቆሙ ይገባል አልን። ልጅቷ አዳመጠችንና «ያልተከፈለኝን ደሞዝና የሕክምናውን ወጪ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ስሜም፣ ፊቴም የትም እንዳይወጣ፤ እናቴ ወድቄ ነው የሚመስላት» አለች።

ከመካከላችን እንዲህ ያለው ዝምታ ሌሎች ልጆችን ያስጠቃል ያለ ነበር። ያ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እውነትም አለበት። ደላላው ነገ ሌላዋን ይልካል። ነገር ግን የሌሎቹን ልጆች ዕዳ በዚህች በተሰበረ እግሯ በተቀመጠች ልጅ ላይ መጫን የማን ሥልጣን ነው? ከብዙ ንግግር በኋላ ሥራውን እንደየጠባያችን ተከፋፈልን። ጽሑፍ የሚሆንለት ባልደረባችን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አዘጋጀ፤ እሷ አንብባ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጣች። መመላለስ የማይሰለቻት ባልደረባችን መዝገብ ቤቱን ያዘች። ስለ ደላላው አሠራር የሚያስረዳ ሌላ ወረቀት የእሷ ስምና ታሪክ ሳይገባበት ለብቻው ጻፍን፤ ይህንንም አስቀድመን ነገርናት፣ «እሱን ጻፉት» አለች። እኔ የደረሰኝ ሥራ ቀዶ ሕክምናው በነፃ እንዲደረግላት ፊርማ ማሰባሰብ ነበር፤ ኮሪደር ለኮሪደር መሄድ ይሆንልኛል።

ሕክምናውን አገኘች። ከደሞዙ ግማሽ ያህሉ ተከፈላት፤ ቀሪውን «እንኳን ቀረ» ብላ ተወችው፤ እኛ ግን ለመተው ጊዜ ፈጅቶብናል። ስለ ደላላው የጻፍነው ወረቀት ምን እንደደረሰ የነገረን የለም። ይህን በመሰለ ጉዳይ ላይ ከእኔ የተለየ የሚያስቡ እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዲቱ ልጅ ብትናገር አሥር ትድን ነበር የምትሉም ትኖራላችሁ። አዘጋጆቹ ግማሽ ሰዓት ለጥያቄ ትተውልናል፤ ከዚያው እንጀምር።